መብራት ሠሪው ጋሽ ልየው

ጋሽ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት ዳንግላ ውስጥ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ጎማ ስፈታ ነው። የደወለው ሹፌሩ ስንሻው ነበር። ኔትወርኩ ቆረጥ ቀጠል እያለ «ጋሽ ልየው... ነገ ስድስት ሰዓት...» የሚለው ብቻ ደረሰኝ። ምን አልክ ብዬ አልጠየቅኩም። ስንሻው ለወሬ አይደውልልኝም። ክሪኩን ዝቅ አደረግኩና ባለመኪናውን «ሌላ ሰው ፈልግ፣ ሰው ሞቶብኛል» አልኩት።

ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የያዘኝ ፍርሃት ነው። ለምን እንደሆነ ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርኩ አይገባም።

ጋሽ ልየው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። እንጅባራ፣ ወደ ቡሬ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ የእሳቸው የቆርቆሮ ቤትና የእኔ ጎሚስታ ቤት በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለያዩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ ከራሳቸው አይወርድም። ትውልዳቸው ዘንገና አካባቢ ስለሆነ ከገበሬው ጋር በአዊኛ፣ ከሹፌሩ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ሲቆጡ ግን በሁለቱም ዝም ነው የሚሉት።

ዲናሞም ሞተሪኖም ይጠግናሉ፤ ስማቸው የተጠራው ግን በፊት መብራት ነው። የዛሬ መኪና መብራት ፊቱ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ቢጫ ይሆናል፣ ይደፈርሳል፤ አምፖሉ ደህና ሆኖ እንኳ መንገዱ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የኩራዝ ያህል ነው። ጋሽ ልየው መጀመሪያ በሳሙና ያጥቡታል። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይነካ በፕላስተር ይሸፍኑና ውኃ እያርከፈከፉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል፤ በሻካራው ጀምረው በደቃቁ ይጨርሳሉ። መሐል ላይ መብራቱ ጭራሽ ነጭ እንደ አሬራ ስለሚሆን አዲስ ደንበኛ ይደነግጣል። «አጠፉብኝ እኮ!» ብሎ የጮኸ ብዙ ነው። እሳቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በጨርቅና በቅባት ሲወለውሉት ይጠራል። በመጨረሻ ቀለም የሌለው ቨርኒሽ ይቀቡታል፤ እሱ እስኪደርቅ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

አምፖል ሊቀይሩ ሲሉ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ አምፖሉን በነጭ ጨርቅ ነው የሚይዙት። «ወገቡን ያዘው እንጂ ብርጭቆውን በጣትህ አትንካ» ይሉኝ ነበር፣ እኔ ጎማ ሠሪ መሆኔን የረሱ ይመስል። «የእጅህ ቅባት ሲግል ያቃጥለዋል።»

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አርባ እርምጃ ያህል መንገዱን ይዘው ይሄዱና ዞረው ይቆማሉ። «አብራ! እስቲ ልየው!» ሹፌሮች ስማቸውን እያነሱ ይስቃሉ። እሳቸው አይስቁም። «አንተ መሪ ላይ ሆነህ ነው የምታየው፤ እኔ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ሆኜ ልየው እንጂ። መብራት እንድታይ ብቻ አይደለም፣ እንድትታይም ነው።»

ስንሻው በእንጅባራና በቡሬ መካከል የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ቀልደኛ፣ ችኩል፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ። በአንድ የሚያዝያ የገበያ ቀን አንዱ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ የሁለቱም መብራቶች ፊት ቢጫ ሆኖ መጣ። ትራፊክ አስጠንቅቆታል። ጋሽ ልየው ጠዋት ጀምረው ፈተጉለት፣ ወለወሉት፣ ሁለቱንም አምፖል በአዲስ ቀየሩለት። ቨርኒሹን ሊቀቡ ጣሳውን ሲከፍቱ ስንሻው ከመናኸሪያ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ልየው፣ ተራዬ ደርሷል! አሁን ካለፈኝ እስከ ማታ አልጭንም።»

«ገና አልቀባሁትም እኮ። በዚህ ካፊያ እስኪደርቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።»

«እንዲህም እኮ እንደ አዲስ ነው! በሳምንቱ እመጣለሁ፣ ያኔ ይቀቡታል።»

ጋሽ ልየው መብራቱን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። የሚኒባሷ ቁልፍ በእጃቸው ነበር። «ስማኝ፤ የፋብሪካውን ሽፋን ልጬዋለሁ። እንዲህ ራቁቱን ፀሐይ ካገኘው ከድሮው ብሶ ነው የሚደፈርሰው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«በሳምንት ውስጥ ና።»

«ጊዮርጊስን! እመጣለሁ።»

ቁልፉን ሰጡት። መንገዱ ላይ ወጥተው አርባ እርምጃቸውን ሄዱ፤ መብራቱ ዐይን ያጭበረብራል። እኔ ከደጃፌ ሆኜ አይቻለሁ።

ስንሻው መሐላውን አልበላም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ጥቂት ቢዘገይም በአሥረኛው ቀን ግድም መጣ። ያን ዕለት ጋሽ ልየው ዳንግላ ለቅሶ ሄደው ቤታቸው ተዘግቷል። የኋላ ጎማውን እየለጠፍኩለት ሳለ «ጋሽ ልየው የሉም? ቨርኒሽ ሊቀቡልኝ ነበር» አለኝ። ቀና ብዬ መብራቱን አየሁ፤ በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት። «ይሄ ደግሞ ምን ጎደለው? መስታወት አይደለም እንዴ! ሽማግሌው ሥራ ማሳመር ስለሚወዱ ነው። ሂድ ሥራህን ሥራ፤ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

ሄደ። እኔም ሳልነግራቸው ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ ነው። እንጅባራ ጉም ሲወርድባት እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል፤ ከቀትር በኋላ መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ይጠፋል። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አንድ የባጃጅ ልጅ «ስንሻው ዘንገና መታጠፊያው ላይ ሰው ገጨ!» እያለ አለፈ። ጋሽ ልየው እጃቸው ላይ የነበረውን አምፖል ጨርቁ ላይ አስቀመጡትና ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ራሳቸውን አይቼው አላውቅም፤ ሽበታም ነበር።

የተገጩት አቶ አላምረው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ፈረሳቸውን እየሳቡ፣ ዝናቡን ከሳር በተሠራ ገሳ ተከልለው በመንገዱ ጠርዝ ይሄዱ ነበር። ስንሻው ከቡሬ እየመጣ ነበር። ቀስ ብሎ ይነዳ እንደነበር ተሳፋሪዎቹም መስክረዋል፤ ግን መብራቱ በርቶ ጉሙን አልሰነጠቀውም፣ ገሳውም ከጉሙ አልተለየም። ፈረሱ እዚያው ሞተ። አቶ አላምረውን እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ወሰዷቸው።

በማግስቱ ሚኒባሷ እየተጎተተች መጣች፤ ፖሊስ ጣቢያ እስክትወሰድ ከቤታችን ፊት ለፊት ቆመች። የቀኙ መብራት ደቅቋል። የግራው ግን ደህና ነበር፤ ደህና ስል አልተሰበረም ማለቴ ነው። ቢጫ፣ ድፍርስ፣ ጋሽ ልየው እንዳሉትም ከድሮው የባሰ። በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። አቧራ ስላልነበረ አልለቀቀም።

«ልጬ ሳላለብሰው» አሉ ለራሳቸው።

ኋላቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «እርስዎ ምን አደረጉ? ተመለስ ብለው ነግረውታል፣ እኔ ምስክር ነኝ። ጥፋቱ የሱ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ነግሬዋለሁ። ቁልፉን የሰጠሁትስ እኔ አይደለሁም?»

በዚያው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ቃል የተቀበላቸው ፖሊስ «ማን ጠራዎት?» ቢላቸው «ማንም» አሉት። የመብራቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስጻፉ። እዚያ ታስሮ የነበረውን ስንሻውንም አነጋገሩት። ምን እንዳወሩ አልነገሩኝም፤ እኔም በፍርሃት አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጥፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው አደሩ ወይ? አንድ ቀን ነቅተዋል ይባላል፣ በማግስቱ እግራቸው ሊቆረጥ ነው ይባላል። ዘመዶቻቸው ስንሻውን ይፈልጋሉ የሚል ወሬም ነበር። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ልየውን «ሽማግሌ ይላኩ እንጂ እንዳይሄዱ» ብሎ መከራቸው። እሳቸው መስከረም እንደጠባ በአንድ እሑድ ደጃፌ መጥተው «ምንይችል፣ ወደ አላምረው ቤት ልሄድ ነው፤ አብረኸኝ ና» አሉኝ።

እምቢ የምልበት ምክንያት ነበረኝ፤ ግን የሚነገር ምክንያት አልነበረም። ሄድኩ።

አስፋልቱን ለቀን በእግር መንገዱ ገባን። ቤቱ ጋ ስንደርስ ሰባት ስምንት ወንዶች ደጅ ተቀምጠዋል። የአቶ አላምረው ታናሽ ወንድም ቆመጡን ይዞ ተነሳ። ጋሽ ልየው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው በአዊኛ መናገር ጀመሩ።

እኔ አዊኛ አልሰማም። እናቴም አባቴም ከወደ ደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው፤ እንጅባራ ተወልጄ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተማርኩም። ስለዚህ የማየው እጅና ፊት ብቻ ነበር። ጋሽ ልየው በሁለት መዳፋቸው የመብራት ቅርጽ ሠርተው አሳዩ፤ እንደሚፈትግ ሰው እጃቸውን አመላለሱ፤ ከዚያ ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ። ወንድምየው ጮኸ። ሌላው ተነሳ። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ ክንዷን አጣጥፋ ታዳምጣለች፤ እንጉዳይ የምትባለው ባለቤታቸው ነበረች። ወንድምየው ድንገት ቆመጡን ወደ እኔ ቀስሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አወቁ አልኩ በልቤ። ጋሽ ልየው ዞር ብለው ሳያዩኝ አጭር ቃል መለሱለት። ቆመጡን ዝቅ አደረገው።

ከዚያ እንጉዳይ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ወንዶቹ ግን መልሰው ተቀመጡ። ጋሽ ልየው እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለት ጊዜ መሬት ሳሙ።

ስንመለስ «ምን አለች?» አልኳቸው።

«ይቅርታው የሱ ነው፣ ከዳነ እሱን ለምኑት፤ እኔ የማውቀው ገብሱ መድረሱንና አጫጅ ማጣቴን ነው አለች።»

«እርስዎስ?»

«እናጭዳለን አልኳት።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ «ወንድምየው ወደ እኔ ሲጠቁም ምን ብሎ ነው?» አልኩ።

«ይሄስ ማነው አለኝ። ጎረቤቴ ነው አልኩት።»

ገብሱን አጨድን። ጋሽ ልየው ቤታቸውን ዘግተው፣ እኔ፣ በዋስ የተፈታው ስንሻውም ጭምር። መጀመሪያ ቀን ወንድምየው ስንሻው አጠገብ ማጭዱን ይዞ ሲሠራ ዐይኔን ከማጭዱ ሳልነቅል ነበር የዋልኩት። የባሰው ግን ስንሻው ራሱ ነው። ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና ባለ ቁጥር ያየኛል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ አልተነፈሰም። ለምን ዝም እንዳለ ማሰብ እንቅልፍ ነሳኝ።

አቶ አላምረው እግራቸው ሳይቆረጥ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጉልበታቸው ግን ዳግም አልታጠፈም። የሆነውን ሽማግሌዎች ባሉበት ሰሙ፤ ስንሻውንም ጋሽ ልየውንም ይቅር አሏቸው። ጋሽ ልየው ግን ከይቅርታው በኋላም በየዓመቱ በአጨዳ ጊዜ እየሄዱ ያጭዱ ነበር።

ሥራቸውም ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲፈትጉ ከመኪናው ነቅለው ቤት ውስጥ ይቆልፉበታል፤ ቨርኒሹ ሳይደርቅ ማንም አይወስድም። አንድ ጊዜ አንድ እህል ነጋዴ የጭነት መኪናው ላይ እህል፣ ከእህሉ በላይ ሰው ጭኖ ጫግኒ ሊወርድ ቸኮለና «መብራቴን አምጣ!» ብሎ አንገታቸውን አነቃቸው። ሮጬ ስደርስ ፊታቸው ጠቁሯል። ቁልፉ በመዳፋቸው ነው፤ ጣታቸውን አልፈቱም። «ግደለኝና ውሰደው» አሉት በሰለለ ድምፅ። ነጋዴው ለቀቃቸውና እስኪደርቅ እየተሳደበ ጠበቀ። የቤቱ አከራይ የነጋዴው አማች ነበርና በወሩ ልቀቁ ተባሉ። ሌላ ቦታ፣ ከከተማው ዳር፣ ከበፊቱ ባነሰ ቆርቆሮ ቤት ገቡ። ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም።

ከአደጋው ሦስት ዓመት በኋላ እኔ ዳንግላ ቤት አገኘሁ። ልሰናበታቸው ሄድኩ። አንድ መብራት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይፈትጋሉ። ሌላ ነገር ላወራ ብዬ ገብቼ፣ አፌ ራሱ አወጣው።

«ጋሽ ልየው፣ ያን ጊዜ ስንሻው ለቨርኒሹ መጥቶ ነበር። እርስዎ ለቅሶ ሄደው ነው። ደህና ነው፣ ሂድ ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬም አልነገርኩዎትም።»

እጃቸው አላቋረጠም። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፖሊስ ጣቢያ ነግሮኛል። ለሰው እንዳይተነፍስ ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ከሱ አፍ ከወጣ ክስ ነው የሚሆነው። ካንተ አፍ እንዲወጣ ብዬ ነው።» መብራቱ ላይ ውኃ አርከፈከፉ። «ሦስት ዓመት ቆየህ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ያን ጊዜ ቀና አሉ። «እኔን ምን አደረግከኝ? እግሩ የማይታጠፈው እኔ አይደለሁም።»

እሄዳለሁ አልኳቸው። ዳንግላ ገባሁ፣ ሥራ ያዘኝ፣ ሚስት አገባሁ፤ ሁለት ዓመት እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። እሳቸውም በስልክ ስንገናኝ አንድም ቀን ሄድክ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ስንሻው ሲደውልልኝ የያዘኝ ፍርሃት ይኸው ነበር፤ አቶ አላምረው ከቀብሩ እንደማይቀሩ አውቄያለሁ።

ቀብሩ ላይ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ የባጃጁ ልጅ ሁሉ ወጥቷል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው እየተበተነ ሲወርድ አቶ አላምረው ከአጥሩ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ሄድኩ።

«አቶ አላምረው፣ ያውቁኛል?»

«ገብሴን ያጨድክልኝ ጎሚስታው አይደለህ?»

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ሳላሳምር፣ የስንሻውን ጎማ ከለጠፍኩበት ቀን እስከዚያች ሰዓት ድረስ። ሲሰሙኝ ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠነከረ።

«ለልየው ነግረኸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«እግሩ የማይታጠፈው እኔ አይደለሁም አሉኝ።»

ወደ መቃብሩ አዩ። «አምስት ዓመት ማሳዬ ሲመጣ፣ አብረን ስንበላ፣ አንድ ቀን ስምህን አላነሳም።» ዱላቸውን መሬት ውስጥ ተከሉት። «አልዋሽህም፤ ተናድጄብሃለሁ። ማሳዬ ላይ ወጤን ስትበላ እንኳ መናገር ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ዛሬ እዚህ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። ቤቴ መጥተህ እንጉዳይ ፊት ድገመው።»

«መቼ ልምጣ?»

«አሁን።» ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ያዘኝ።»